ለአባቴ ዓይን የተመረጠው ሌንስ

አባቴ ለባለቤቴ የዋሹት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ያደረጉት በይሉኝታ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ስምንተኛ ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው በዝግታ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ዛሬ ግን እጄ ፈጠነብኝ። ስለዚያች ሌንስ ማሰብ ስጀምር አሁንም ልቤ ይመታል፤ ያኔ እንደመታው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ደብረ ታቦር። ባለቤቴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ እኔ በአንደኛ ደረጃ የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከጉና ሥር ካለው ደብራቸው መጥተው እኛ ዘንድ ከተቀመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፣ ጾምና በዓል ሲያወጡ፣ የከዋክብትን ቤት ሲቆጥሩ ኖረዋል። ወደ እኛ የመጡት ዓይናቸው ስለደከመ ነው። ግራውን ሞራ ጨርሶ ሸፍኖታል፤ ቀኙንም እየጀመረው ነበር። ጎንደር ወስጄ ላሳክምዎ ብላቸው፣ «ዓይኔን በስለት አላስነካም» ብለው እንቢ አሉኝ።

በየምሽቱ ደጅ ተቀምጠው አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«ዙሐል ወጣ?»

ዙሐል የሚሉት ተማሪዎቻችን ሳተርን የሚሉትን ነው። በአሮጌው ቆጠራ ከሁሉ የራቀው፣ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስሙን እየጠሩ ቤቱን ሲቆጥሩለት ኖረው፣ አሁን በሰማይ ላይ ሲያዩት ጉም ሆኖባቸዋል።

በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ ቴሌስኮፕ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው። ሁለት ክንድ ያህል የሚረዝም ነጭ ቱቦ፤ የፊቱ ሌንስ የቡና ስኒ አፍ ያህላል። ከኋላው ደግሞ ዓይን የሚጠጋባት፣ አውራ ጣት የምታህል ሌንስ ትሰካበታለች። ቱቦው ያው ቱቦ ነው፤ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያሳይ የምትወስነው ይህች የዓይን ሌንስ ናት። የነበረችን አንዲት ብቻ ነበረች፤ አርባ አምስት እጥፍ ታጎላለች። ጨረቃን እንደ ጉድ ታሳያለች፤ ዙሐልን ግን የሰሊጥ ፍሬ ታሳክለዋለች።

ባለቤቴ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዶ ቴሌስኮፑን ወደ ግቢያችን አመጣው። ቀበሌም ሄዶ አስታወቀ፤ ያን ጊዜ ቱቦ ነገር ይዞ ግቢ ውስጥ መቆም ቀልድ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «አፉ ወደ ሰማይ እስከሆነ ድረስ ግድ የለም» አለ። «ወደ ጽሕፈት ቤታችን የዞረ ቀን ግን ጓድ መምህር፣ እኔና አንተ ሌላ ቦታ ነው የምንነጋገረው።»

በመጀመሪያው ምሽት ባለቤቴ ዙሐልን ፈልጎ አገኘው። ጤዛ እንዳይነካው የፊቱን ሌንስ መልሶ ከደነና አባቴን ሊጠራ ገባ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በመቋሚያቸው እየተመሩ ወጡ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ደህናውን ዓይናቸውን አስጠጉ።

«ግሩም ነው» አሉ። «ግሩም! አየሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ ዕድሜ ይስጥህ።»

ባለቤቴ እየመረቁት እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ ዓይኔን ባስጠጋ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ወደ ፊት ዞሬ ሳይ ክዳኑ እንደተከደነ ነው።

ሲመለስ በጣቴ አሳየሁት።

«ሳላነሳው?» አለኝ።

«ሳታነሳው።»

«እና ግሩም ያሉት ምኑን ነው?»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ፤ እሱም ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። በክዳን ላይ ግሩም ያሉ አባት፣ ክዳኑ ቢነሳም አላየሁም እንደማይሉ ገባኝ። ልጁ ደክሞ ያመጣውን ነገር ማናናቅ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ዓይናቸው እየሄደ ነው፤ እኛ አሳየናቸው እያልን፣ እሳቸው አየሁ እያሉን፣ ሳያዩት ሊቀሩ ነው።

ያን ምሽት አንድ ነገር ተስማማን። ዙሐል ቀለበት እንዳለው አባቴ አያውቁም፤ በመጽሐፋቸውም የለም። ስለዚህ አንነግራቸውም። የቀለበቱ ነገር ከራሳቸው አፍ እስኪወጣ ድረስ «አየሁ» ማለታቸውን እንደ ማየት አንቆጥረውም።

በማግስቱ ክዳኑን አንስተን ድጋሚ ሞከርን። «ብርሃን አየሁ፤ ተመስገን» አሉ። ከዚያ ሌላ ምንም አላሉም። ለእኔ እንኳ የሰሊጥ ፍሬ የሆነ ነገር ለእሳቸው ምን ሊሆን? የበለጠ የምታጎላ የዓይን ሌንስ ያስፈልገን ነበር። እንኳን ደብረ ታቦር፣ አዲስ አበባም ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ዕቃ አይደለም።

ባለቤቴ ያስተማረው አንድ ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ምሥራቅ አውሮፓ ነበር። ጻፈለት። መልሱ ጥምቀት ሰሞን ደረሰን። በከተማው አንድ ሱቅ ሁለት ሌንሶች አሉ፤ አንዷ ቁጥር ስድስት፣ አንዷ ቁጥር ዘጠኝ። ዋጋቸው እኩል ነው። «ኪሴ የተማሪ ኪስ ስለሆነ አንዷን ብቻ ነው የምችለው» ይላል። «የቱን ልግዛ? ብሩን አትላኩልኝ፤ በምትኩ ገሳይ ላለችው እናቴ ሁለት በግ ግዙላት። ጓደኛዬ ለፋሲካ አገር ቤት ስለሚገባ መልሳችሁ ቶሎ ይድረሰኝ።»

በእነዚህ ሌንሶች ቁጥሩ ሲያንስ ማጉላቱ ይበዛል። በእኛ ቱቦ ላይ ስድስቷ መቶ አምሳ እጥፍ ታጎላለች፤ ዘጠኟ መቶ። ባለቤቴ ደብዳቤውን እያነበበ ይዘል ነበር ማለት ይቻላል። እሱ በልቡ ስድስቷን መርጦ ጨርሷል።

የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛው ቤታችን መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ጨርሶ አበደ።

«ይህ ምን ያመራምራል? መቶ አምሳ እያለ መቶ የሚገዛ ሰው፣ በሬ ገበያ ወጥቶ ጥጃ እየጎተተ የሚመለስ ነው!»

«ቱቦው ትንሽ ነው፤ አይችለውም እንዳይሆን» አለ ባለቤቴ።

«ይችላል! አንተ ብቻ ግዛ። በመቶ አምሳ ለከተማው ሁሉ ታሳያለህ፤ ሊቀ መንበሩ ራሱ ወረፋ ይይዛል።»

ሁለቱ ሲስቁ እኔ ጥልፌን ይዤ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

«ብርሃኑስ?» አልኳቸው። «የስኒ አፍ በምታህል ሌንስ የገባ ብርሃን ያው ነው። አንድ ጋቢ ለአንድ ሰው ይሞቃል። ለሦስት ሰው ስትዘረጋው አይሳሳም?»

ባለቤቴ ሳቁን ተወ። ወረቀት ሳበና ማካፈል ጀመረ። ብርሃኑ ከቱቦው ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው በጣም ቀጭን ሆኖ ነው፤ የፊቱ ሌንስ ስፋት ለማጉላቱ ሲካፈል ውፍረቱ ይገኛል። በዘጠኟ ስድስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር፤ በስድስቷ አራት አሥረኛ።

«አራት አሥረኛ ምን ያህላል?» አልኩት።

ዙሪያውን አየና ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። «ያቺን መርፌ ያህል።»

የመርፌ ቆርቆሮዬን አወጣሁ። አንዷን መርፌ በማስመሪያ መለካት አይቻልም፤ አሥሩን ግን ጎን ለጎን ደርድሮ መለካት ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ እየደረደርን፣ አንዱ ሲንከባለል እየተሳደብን፣ ሦስታችንም አጎንብሰን ለካን። አሥር ቀጫጭን የጥልፍ መርፌዎች አራት ሚሊ ሜትር ሞሉ። አሥር የልብስ መስፊያ መርፌዎች ደግሞ ስድስት ሊሞሉ ጥቂት ቀራቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሁለቱ ሌንሶች ባሕር ማዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ብርሃናቸውን ያህል ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከነልኩ የእኔ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር!

በማግስቱ ሁለት ካርቶን ቆርጬ በቀለም አጠቆርኳቸውና አንዱን በጥልፍ መርፌ፣ ሌላውን በልብስ መርፌ በሳሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ዳዊታቸውን ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ በዚህች ቀዳዳ እያዩ ያንብቡልኝ።»

«ደግሞ ይህ ምንድን ነው?»

«የእሱ ትምህርት ነው።»

«የእሱ ትምህርት አያልቅም» አሉና በቀጭኗ ቀዳዳ አነበቡ። ሳይደናቀፉ፣ በዜማ። በወፍራሟም አነበቡ። ልክ እንደዚያው።

«ሁለቱም ይሆናሉ!» አለ ባለቤቴ በሹክሹክታ። «ስድስቷን እንግዛ!»

እኔ ቀስ ብዬ መጽሐፉን ከፊታቸው ሳብኩት። አባቴ ካርቶኑን ዓይናቸው ላይ እንደያዙ፣ ባዶ ጉልበታቸውን እያዩ፣ ማንበባቸውን ቀጠሉ።

ለካ ዳዊትን በቃሉ ለሚደግም ሰው ዳዊት ሰጥቼ ኖሯል ዓይኑን የምፈትነው!

ያን ለት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። በብርዕ፣ በጥቁር ቀለም፣ የመጀመሪያውን መስመር በቀይ፤ ፊደሉንም በዳዊታቸው ፊደል ልክ። እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ መልካም ነው፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፤ «የመሪጌታን አዲሱን ጋቢ ለበግ ነጋዴው ሸጥነው። በዋጋው ሁለት በግ ሰጠን።» ገጿን ከዳዊቱ መካከል አስገባኋት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ቀጭኗን ሰጠኋቸው። የጻፍኳትን ገጽ ገልጬ የአንድ መዝሙር ስም ጠራሁላቸው፤ አባቴም ያንኑ መዝሙር በዜማ ወረዱት። ስለ ጋቢ አንዲት ቃል የለም።

«ደህና ይታያል አባባ?»

«እንዴታ! ጥርት ብሎ።»

ባለቤቴ ከኋላቸው ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል። ወፍራሟን አቀበልኳቸው። መዝሙሩን ጀመሩ፤ ሁለት ቃል ሄደው ቆሙ። ካርቶኑን አስጠጉ፤ አራቁ፤ እንደገና አስጠጉ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ። «ምን ይላል? የመሪጌታን ... ጋቢ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አንቺ ልጅ! ጋቢዬን ሸጣችሁት?»

ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ አላስቆመውም። እኔ እግራቸውን ይዤ፣ «ጋቢዎ አለ አባባ፣ ከላይዎ ላይ ነው፣ ለብሰውታል!» እላለሁ። እሳቸው በአንድ እጃቸው ጋቢውን እየዳበሱ በሌላው መቋሚያውን ያነሳሉ።

«በዳዊት መካከል የበግ ወሬ ትጽፊያለሽ? ይህን ነው ያስተማርኩሽ?»

ሲበርድላቸው እውነቱን ነገርኳቸው፤ ስለ ሁለቱ ሌንሶች፣ ስለ መርፌዎቹ። ቀለበቱን ብቻ ደበቅሁ። መቋሚያቸውን አስቀመጡና፣ «በቀጭኗ ክር ክር ይለኛል» አሉ። «ጭስ ውስጥ ክር እንደሚንሳፈፍ። በወፍራሟም ክሩ አለ፤ ግን ፊደሉን አይሸፍንብኝም።»

«ታዲያ ጥርት ብሎ ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ደክመሽ በስተሻት።»

ማታ ባለቤቴ ደብዳቤውን ለመጻፍ ተቀመጠ። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። መቶ አምሳን በልቡ ይዟት ነበር፤ አውቅበታለሁ። ሁለተኛ ሌንስ የምንገዛበት ጊዜ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም።

«ላንተ ስድስቷ ትሻል ነበር» አልኩት።

«በኛ ቱቦ ላይ ለእኔም ጨለማና ብዥታ ናት፤ ዛሬ ጠዋት አስልቼ ደርሼበታለሁ» አለኝ። «ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው የጎመጀሁት። እንደ ሒሳብ አስተማሪው።»

ዘጠኟን ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። ሌንሷ የምትሰካበት አፍ ልክ ይታወቅ ዘንድ፣ ቱቦው አፍ ውስጥ ልክክ የምትል ክብ ወረቀት ቆርጬ ደብዳቤው ውስጥ ጨመርኩ። በሳምንቱ ሁለት የጉና በጎች እየነዳ ገሳይ ወርዶ ለልጁ እናት አስረከበ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፋሲካ አለፈ። የክረምቱ ደመና ጉና ላይ መከመር ሲጀምር እኔ ሰማዩን እንደ ገበሬ፣ ግን በተቃራኒው ልብ፣ እያየሁ እጨነቅ ነበር፤ ክረምት ከገባ ዙሐል እስከ መስከረም የለም፤ በመስከረም ደግሞ ከፀሐይ ጋር ይጠልቃል። የአባቴ ዓይን ደግሞ ዓመት የሚጠብቅ አልነበረም። የሌንሷ ዜና የመጣው ግንቦት ውስጥ ነው፤ ያመጣት የልጁ ጓደኛ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ሐሙሲት ከተማ ላይ እንዲጠብቀው ለባለቤቴ መልእክት ላከ። የገበያ ቀን ነበርና መኪና አልጠፋም። ሲመለስ የጤፍ ጆንያ በጫነ መኪና አናት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ። ከደረት ኪሱ አንድ የሱፍ ካልሲ አወጣ፤ ከካልሲው ውስጥ ሌንሷን። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ጠርዟ ላይ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈባት። እንደ ሕፃን በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

ቱቦው አፍ ላይ ትንሽ ትላላ ነበር፤ አንድ ዙር ክር ጠመጠምኩባት፤ ገጥ አለች።

ሦስት ቀን ደመና ሆነ። በአራተኛው ከሰዓት በኋላ ዘነበና ምሽቱን ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። ቱቦውን አቆምን። ከጉና የሚወርደው ነፋስ እንዳያንቀጠቅጠው በሦስቱ እግሮች መካከል ግማሽ ጆንያ ድንች አንጠለጠልኩበት። ባለቤቴ ዓይኑን አስጠግቶ አነጣጠረ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ተነሳ፤ ክዳኑ መነሳቱን በእጁ ዳሰሰ። እኔም ሄጄ ዳሰስኩ።

«አባባ፣ ይምጡ።»

ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን አስጠጉ። በዚህ ማጉላት ኮከቡ አይቆምም፤ ከአንዱ ጠርዝ ገብቶ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ በሌላው ይወጣል። ባለቤቴ፣ «ይጠብቁት፤ በራሱ ይመጣል» አላቸው።

«አየሁ» አሉ አባቴ።

ያው ቃል፣ ያው ድምፅ ነው። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አዩ መሪጌታ?» አላቸው።

አባቴ ዓይናቸውን አላነሱም። ድጋሚ ሊጠይቃቸው አጎነበሰ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት። «አምልጦኝ ሄደ፤ መልሰው! መልሰው!»

አባቴ አማቻቸውን እንዲያ ብለውት አያውቁም። ባለቤቴ ተንደርድሮ ቱቦውን አስተካከለ። አባቴ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«መጣ» አሉ ቀስ ብለው። «መጣ፣ መጣ። ይህ ኮከብ ነው? ክብ ነው ... አይደለም፤ አንዳች ታጥቋል። መታጠቂያ ነገር አለው።» ቆዩ። «መታጠቂያው ግን ገላውን አልነካውም። በመካከላቸው ጨለማ አለ። ወዲህም አለ፣ ወዲያም አለ። ሳይነካው ነው የከበበው። ምን ተሸክሞት ነው የማይወድቀው?»

ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠኝ፤ በማግስቱ የጣቱ ምልክት ነበረበት። ያን ማንም አልነገራቸውም። በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በቃላቸውም አልያዙትም። ያዩት በዓይናቸው ነው። እልል አልኩ፤ ሰዓት እላፊ ሊደርስ መሆኑን ረስቼ እልል አልኩ፤ ጎረቤቶች ምን ተወለደ ብለው በአጥር ብቅ አሉ።

«ተራዬ ነው አባባ፤ እኔም ልየው» አልኳቸው።

«ቆይ» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አንቺ ገና ብዙ ዘመን ታዪዋለሽ።»

ቱቦውን ስንት ጊዜ እንዳስተካከለላቸው አላውቅም። ኮከቡ በወጣ ቁጥር «መልሰው» ይሉታል፤ እሱም ይመልሰዋል። ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ አጎንብሶ፣ እየሳቀ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ይበቃል» ሳይል። በመጨረሻ አባቴ ቀና አሉ። ዓይናቸው ያለቅስ ነበር፤ የደከመው ይሁን የተደሰተው አልለየሁም። አላመሰገኑትም፤ አልመረቁትም። በመቋሚያቸው ከዙሐል ዝቅ ብሎ ወደ ጉና ጫፍ አመለከቱት።

«ዘንድሮ መሽተሪ በዐቅራብ ነው» አሉ፤ ጁፒተር በጊንጥ ኮከብ ቤት ነው ማለታቸው ነው። «በዚህ ሰዓት በዚያ በኩል መውጣት አለበት። እስቲ እሱንም አሳየኝ፤ እሱስ ምን ታጥቋል?»

ባለቤቴ ሰዓቱን አየ። ለሰዓት እላፊ ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ነበር። የድንቹን ጆንያ በአንድ እጁ ደግፎ፣ ቱቦውን አባቴ ወዳመለከቱት አዞረ።